ስታብብ ደስ የማትል አበባ

ጠና ወደዚህ ሥራ ሲቀመጥ እጁን አይታጠብም፤ ያደርቃል። መዳፉን በሱሪው ላይ ግራና ቀኝ ያብስና ለፀሐይ ዘርግቶ ያየዋል። ርጥበት አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ከወገቡ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ወደ ራሱ ይስባል። ሚስማር በከሰል አግሎ የጠርሙሱን ቂጥ አምስት ቦታ ይበሳል። ከሥር ጥፍር የሚያህል ጠጠር ሁለት ጣት ያህል ይሞላል። ቀጥሎ ቡኮው ይመጣል። ቡኮ የሚለው እሱ ነው እንጂ ሲሚንቶ የለበትም፤ አንድ እጅ አፈር፣ ሦስት እጅ የወንዝ አሸዋ፣ በደረቁ የተቀላቀለ። በግንበኛ ማንኪያው እየዛቀ ይጨምርና ክፍተት እንዳይኖረው ጠርሙሱን መሬት ላይ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል።

ከዚያ ልጅቷን ያነሳል። ከእናቷ የተለየችው ዛሬ አይደለም። እናቲቱ ቅጠሎቿ እንደ ጽጌረዳ ተደራርበው የተከፈቱ፣ ውፍረታቸው ግን እንደ እሬት የሆነ፣ ጫፋቸው ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ፣ ቁመቷ ከሲኒ የማይበልጥ ተክል ናት። ልጆቿ ዙሪያዋን ክር በሚያህል ሐረግ ተያይዘው ይቀመጣሉ። ጠና ሐረጉን ከትናንት ወዲያ በምላጭ ቆርጦታል፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ልጅቷን ጥላ ውስጥ ካርቶን ላይ አሳድሯታል። አሁን የታችኛውን የደረቀ ቅጠል ይልጥላትና ቡኮው ላይ ያስቀምጣታል። ያስቀምጣታል እንጂ አይቀብራትም። በአውራ ጣቱ ጫን ያደርግና አንገቷ ሥር እርጥብ አፈር እንዳይነካት ጠጠር ይደረድራል።

«ውሃስ?» ይላሉ የሚያዩት ሰዎች ሁሉ።

«ለስምንት ቀን የለም» ይላል ጠና፣ የግንበኛ ማንኪያውን በሱሪው እየጠረገ።

ይህን ሕግ በነፃ አልተማረውም።

ጠና የሺንሺቾ አካባቢ ልጅ ነው። ሆሳዕና የገባው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ድንጋይ ሊያቀብል ሲሆን፣ በሁለተኛው ዓመት ቱንቢና ውሃ ልክ ይዞ ራሱ መገንባት ጀመረ። ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው ኮብልስቶን ግራና ቀኝ ካሉት የድንጋይ አጥሮች ግማሾቹ የእሱ እጅ ናቸው። ወገቡ እምቢ ካለው በኋላ ትልቅ ሥራ አይዝም፤ ደረጃ መጠገን፣ ቦይ መሥራት፣ የወደቀ ማዕዘን ማቃናት ነው የቀረው። የቀጠሮ ሰው ነው። «ሐሙስ እጨርሳለሁ» ካለ ሐሙስ ይጨርሳል፤ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ሸራ ወጥሮ ይጨርሳል።

ተክሏን ያመጣችው ልጁ ሰሎሜ ናት። ዱራሜ ጤና ጣቢያ ነርስ ስትሆን፣ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዳ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ገዛችና ለአባቷ ሰጠችው። ሻጩ ሰክለንት ነው ብሏታል። ጠና ስሙን ለሁለት ቀን ሲያላምጠው ከርሞ ተወው። ከአጥሩ ግንብ ጫፍ ላይ አንድ ድንጋይ አነሳና በጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጣት። ሰፈሩ ራሱ የድንጋይ ጽጌረዳ አላት፣ ስሟ ጸደቀ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው አሕመዲን ደግሞ ጠና ሲሚንቶ አልቆበት ግንቡን በአበባ ደፈነው እያለ ለደንበኞቹ ያወራ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ እናቲቱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ልጆች አወጣች። አንድ ጠዋት ጠና ሲወጣ ሦስቱም የሉም፤ ሐረጋቸው ብቻ ተንጠልጥሏል። በሰፈሩ በር ለበር ዞሮ ጠየቀ። ማንም አላየም። ከሁሉም አብልጦ ያዘነለት አሕመዲን ነበር፤ የሰው አበባ የሚሰርቅ ሰው ነገ የሰው በር ይነቅላል ብሎ ሻይ ጋበዘው።

ተክሏ ግን ሆደ ሰፊ ናትና እስከ ሰኔ አሥራ አንድ ልጆች ተካች። የሰሎሜ ሽማግሌዎች የመጡት በዚያው ሰኔ ነው። ሰርጉ ለሚያዝያ ተቆረጠ። ማታ ሳህን እያጠበች ሰሎሜ አባቷን ስለ ጠረጴዛዎቹ አነሳችበት። የፕላስቲክ አበባ አትፈልግም። አዳራሹ አሥራ ስድስት ጠረጴዛ ይይዛል።

«አባዬ፣ ካንተ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችው። «በየጠረጴዛው አንዳንድ የድንጋይ ጽጌረዳ ብቻ።»

ደመወዝ ከያዘች ጀምሮ አባቷን የጠየቀችው የመጀመሪያ ነገር ነበር። ጠና ደረቱ ሰፋ።

«አሥራ ስድስት? ሃያ በይው» አላት።

ሚስቱ ጣቢታ ከማድ ቤት አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ መጀመሪያ አሥራ ስድስቱን ቁጠር አለችው። ጠና ግን ቃሉን አውጥቷል፤ ቃሉም እንደ ሐሙሱ ነው።

ስህተቱ የተሠራው በማግስቱ ነው፤ የሠራውም ያደገበት ጓሮ ነው። ዌሳ፣ ማለትም እንሰት፣ ባለበት ቤት ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ ከቤት ጀርባ የተተከለ ሁሉ ፍግ ይበላል። ጠዋት ጠዋት ከበረት የወጣው ሁሉ ወደ ዌሳው ይሄዳል፣ ዌሳውም ለዚህ ውለታ ቤተሰቡን ያበላል። ጠና አሥራ አንዱን ልጆች ነቅሎ ከጎረቤት ላም በለመነው ጥቁር ፍግ ውስጥ እስከ አንገታቸው ቀበራቸው፣ ውሃም አጠጣቸው። ሰማዩ በተራው ክረምቱን ሙሉ አጠጣቸው።

መጀመሪያ ጉድ ሆነ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቅጠላቸው ጎመን አከለ። ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴ ሆኑ፣ ወፈሩ፣ አበጡ። አሕመዲን ከሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኖ፣ «ጋሽ ጠና፣ አበባ ነው ወይስ የመስቀል ሰንጋ ነው የምታደልበው?» አለው። ጠና ሳቀ። በነሐሴ አንዷን ሲነካት ጣቱ እስከ አንጓው ገባ። ውስጧ ውሃ ሆኗል፣ ይሸታል። በአሥር ቀን ውስጥ አሥራ አንዱም ቀለጡ። የቀረችው ፍግ ያልደረሳት፣ ግንቡ ላይ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው እናት ብቻ ናት፤ እሷም ያለ አንድ ልጅ።

ጠና አልደነገጠም ማለት ውሸት ነው፤ ግን እስከ ሚያዝያ ስምንት ወር አለ፣ ትወልዳለች አለ። መስከረም አለፈ፣ አልወለደችም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ መሐሏ ከፍ ማለት ጀመረ። ቅጠሎቹ ወደ ላይ ተሳቡ፣ ከመካከላቸው እንደ አውራ ጣት ያለ ነገር ብቅ አለ፣ ጫፉ ላይ እምቡጦች ተሰበሰቡ።

ልታብብ ነው። ወሬው ተሰማ። የጸሎት ቡድኑ ሴቶች ከጣቢታ ጋር ተሰብስበው ሲወጡ ግንቡ ሥር ቆመው፣ ለሰርጉ ጥሩ ምልክት ነው አሉ። አሕመዲን መንገዱን ተሻግሮ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጨበጠው። ጠና ራሱ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለሰሎሜ ላከ፤ ሰሎሜም በልብ መለሰችለት።

በዚያው ሳምንት ታላቅ እህቱ አየለች ከሺንሺቾ መጣች፤ ለሰርጉ ዝግጅት የሚሆን ቡላ በፌስታል አንጠልጥላ። አየለች ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ዛሬም ዌሳዋን ራሷ ትፍቃለች። ሰላምታ መስጠት የምትወድ ሴት ናት፤ አንዱን ሰው ጠይቃ እስክትጨርስ ሻይ ይቀዘቅዛል። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆመች፣ ግንቡን አየች፣ ሰላምታውን ረሳችው።

«ይህች ስታብብ ደስ ያለው ማነው?» አለች።

ጠና ሁሉም ደስ እንዳለው ነገራት።

«ዌሳ ሲያብብ ታውቃለህ» አለችው፣ ፌስታሉን ሳታወርድ። «ጉልበቱ ሁሉ ወደ አበባው ይወጣል፣ ግንዱ ባዶ ይቀራል፣ ከዚያ ይወድቃል። ለዚህ አይደል ቀድመን የምንቆርጠው? የዚህችም መሐል አካሄዱ እንደዚያው ነው።»

«እትዬ፣ ይህች እኮ ዌሳ አይደለችም።»

«ዌሳ ካልሆነች ፍጉን ለምን አበላሃቸው?»

ጣቢታ ሳቋን በነጠላዋ ደበቀች። ጠና ወደ ሰሎሜ ደወለ። ሰሎሜ ስልኳ ላይ ስትፈልግ ቆይታ መልሳ ደወለች፣ ድምጿ ቀንሷል። አክስቷ ልክ ናት፤ ይህች ተክል አንዴ አብባ ትሞታለች። ብዙውን ጊዜ ልጆቿን ትታ ነው የምትሞተው፤ የእኛዋ ግን ልጅ የላትም። አበባውን መቁረጥም ሁልጊዜ አያድናትም ይላሉ። ከዚያም፣ አባዬ ግድ የለም፣ የፕላስቲኩም ያምራል አለችው። ጠናን ከሁሉም በላይ የወጋው ይህ ነው። ልጁ ይቅርታውን ቀድማ ሰጠችው።

አየለች ግን ቁጭ ብላ ሐሳቧን ጨርሳ ነበር። ዌሳ ዘሩን የሚሰጠው በፍሬው አይደለም፤ ሰው ነው ችግኙን የሚያወጣለት። ገና ለጋ የሆነ ዌሳ ይቆረጣል፣ ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ሥሩ፣ አሚቾው፣ ይወጣል፣ መሐሉ ያለው ልብ በቢላ ተፍቆ ይጣላል። አሚቾው ወደ ላይ የሚያድግበት ሲያጣ በዙሪያው ሠላሳ አርባ ችግኝ ያወጣል። የዚህችንም ልብ እናውጣ አለች።

ጠና አሰበ። የዌሳን መንገድ አንዴ ተከትሎ አሥራ አንድ ልጅ አቅልጧል። ቢተዋት በእርግጥ ትሞታለች፤ ቢቆርጣት ዛሬውኑ ሊገድላት ይችላል። እህቱን ፍግ ይደረግባት እንደሆን ጠየቃት።

«በቁስል ላይ ፍግ?» አለች አየለች። «አሚቾውም እኮ ልቡ ከወጣ በኋላ ጥላ ውስጥ ነው ውሎ የሚያድረው። ቁስሉ ሳይደርቅ ማን ይቀብራል? ይህን ረስተህ ነው ግንበኛ የሆንከው።»

ጠና ምላጩን በአረቄ ጠረገ። ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው እንደሚያደርገው መጀመሪያ ዞሮ ዞሮ አያት፣ ቦታውን መረጠ፣ ከዚያ አላመነታም። የአበባውን ግንድ ከሥሩ ቆረጠ። ቀጥሎ በትንሿ የሻይ ማንኪያ ጫፍ መሐሏ ላይ ያለውን ለስላሳ ነገር፣ ምስር የሚያህል ነጭ ልቧን፣ ቆፍሮ አወጣ። ጣቢታ በላይዋ ዝናብ እንዳይወርድ የቆርቆሮ ቁራጭ አዘመመች። የተቆረጠችው እምቡጥ ብርጭቆ ውስጥ ሆና ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፤ ለጸሎት ቡድኑ ሴቶች ግን የሚያስረዳቸው ሰው ጠፋ። ከመካከላቸው አንዷ ጠና በሰርጉ ቅር ተሰኝቶ ነው መሰለኝ ብላ ለብቻው ጸለየችለት።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነበር። ጠና ጠዋት ጠዋት መነጽሩን አድርጎ ይወጣል፣ ያያል፣ ይመለሳል። ውሃ ሊያጠጣት እጁ ሲያሳክከው የግንበኛ ማንኪያውን ይዞ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት የውጭ ቅጠሎቿ መጨማደድ ጀመሩ፣ ሰውዬው መነጽሩን ማድረግ ተወ። በሠላሳ አራተኛው ቀን ልብስ ልታሰጣ የወጣችው ጣቢታ ጠራችው። ድምጿ እባብ ያየች ይመስል ስለነበር ዱላ ይዞ መጣ። ከአንዱ ቅጠል ብብት ሥር የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል አረንጓዴ ነገር ወጥቷል። ዱላውን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አያት። ከዚያ ወደ ሺንሺቾ ደወለና፣ «እትዬ፣ ወለደች» አለ። አየለች ስንት ብላ ጠየቀች። የእህቱ ጠባይ ይህ ነው፤ ከደስታው በፊት ቁጥሩን ትፈልጋለች።

ዘጠኝ ሆኑ። እናቲቱ ዘጠኙን አሳድጋ የካቲት ላይ ደረቀች። ጠና በዚህኛው ዙር እያንዳንዷን እንደ ሕጉ አደረገ፤ ጥላ፣ ካርቶን፣ አንድ ለሦስት፣ ጠጠር፣ ስምንት ቀን። አንዷም አልቀለጠችም። በሚያዝያ መግቢያ ከጠርሙስ ቆርኪ በልጠው፣ ጫፋቸው ያንን ጥቁር ቀይ ያዘ።

ግን ዘጠኝ አሥራ ስድስት አይደለም። ሰርጉ አሥር ቀን ሲቀረው ጠና የጎደለውን ሰባቱን በፕላስቲክ ሊሞላ ወሰነና መዶሻውን ወገቡ ላይ እንደሰካ መንገዱን ተሻገረ። የፕላስቲክ አበባ የሚሸጠው አሕመዲን ነው።

አሕመዲን ለምን እንደፈለገው ጠየቀ። ጠና ነገረው፤ ስለ ዘጠኙም፣ ለልጁ ስለገባው ቃልም። እያወራ አንዱን የፕላስቲክ ጽጌረዳ አንስቶ ቅጠሉን በጣቱ ደባበሰ፣ አስቀመጠው፣ ሌላ አነሳ። አሕመዲን ይህን እያየ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት ደንበኞች እስኪወጡ ጠበቀና መሰላሉን ከሱቁ ጀርባ አመጣ።

«ጋሽ ጠና፣ አንድ ነገር ላሳይህ ነው። መጀመሪያ ግን ያን መዶሻህን አስቀምጥ።»

ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ወጥቶ ያወረደው የዛገ የቀለም ጣሳ ነው። በጣሳው ውስጥ ያለው አፈር ሳይሆን የተሰባበረ ብሎኬትና አቧራ ነው። በላዩ ላይ የድንጋይ ጽጌረዳዎች፣ እርስ በርስ ተገፋፍተው፣ በጠርዙ ላይ ተንጠልጥለው፣ እንደ ደም ቀልተው። ጠና ቆጠራቸው። አሥራ ዘጠኝ።

«ስንት ነበር የወሰድከው?» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

«ሦስት። ሱቁን ላሳምርበት ነበር። አንተ በማግስቱ በር ለበር ስትዞር ፈራሁና ጣሪያ ላይ ደበቅኋቸው። ከዚያ ወላሂ ረሳኋቸው።»

«ምን ስታበላቸው ከረምክ?»

«ምንም። ረሳኋቸው እያልኩህ።»

ጠና ጣሳውን አዙሮ አየው። በልቡ አንድ ሒሳብ ሠራ፤ ሦስቱ ያን ጥር ባይሰረቁ ኖሮ ነሐሴ ላይ ከእህቶቻቸው ጋር ፍግ በልተው ቀልጠው ነበር። በዓለም ላይ ከእሱ እጅ የተረፉት እነዚህ ናቸው፣ ያተረፋቸውም ሌባው ነው። ይህን ለአሕመዲን አልነገረውም፤ ለሱቅ ነጋዴ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ሰባቱን በምላጩ ለየ።

«በኮብልስቶኑ መንገድ ሁሉ ስዞር ሻይ የጋበዝከኝ አንተ ነህ» አለው ሲወጣ።

«ሻዩን እኮ አላስከፈልኩህም» አለ አሕመዲን።

በሰርጉ ቀን በአሥራ ስድስቱም ጠረጴዛ ላይ፣ ሰሎሜ ነጭ ጨርቅ በጠቀለለችባቸው የሃይላንድ ቂጦች ውስጥ፣ አሥራ ስድስት የድንጋይ ጽጌረዳዎች ተቀመጡ። አሕመዲን ለሙስሊም እንግዶች ተለይቶ በተሰናዳው ጠረጴዛ ተቀምጦ ጎረቤቱን፣ ይህች ከእኔ ጣሪያ የመጣች ናት ሲለው ተሰማ። አየለች በበኩሏ ከምግቡ በፊት ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ ዞራ ቆጠረች፣ ከዚያ ተቀመጠች። ሙሽሪት ገብታ ሳለ ከአባቷ ጋር ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ አሥር ጣቷን ዘረጋች፣ ከዚያ ስድስት። ጠና አንገቱን ነቀነቀ፤ ሥራ ጨርሶ ርክክብ እንደሚያደርግ ሰው።

እንግዶቹ ሲወጡ ጠርሙሶቹን ይዘው ወጡ። ጠና በሩ ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ፣ ፍግ የለም፣ ውሃ በስምንት ቀን አንዴ፣ በክረምት ጭራሽ አለ። ተክሎቹ ዛሬ ዱራሜም፣ አዲሎም፣ ሺንሺቾም አሉ። በአሕመዲን ጣሳ ከቀሩት ሁለቱ ደግሞ ተመልሰው በግንቡ ላይ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ዘንድሮ አምስት ልጆች አላቸው። ከአምስቱ አንዷ ባለፈው ሳምንት ጠፍታለች፣ ጠናም በር ለበር አልዞረም።

ይልቁንም ይህን ለሚያነብ ሁሉ የሚያስተላልፈው አንድ ልመና አለው፦

«ከግንቤ ላይ ሳትጠይቁኝ የነቀላችሁ ካላችሁ አትመልሱልኝ፣ አልቆጣምም፤ ጣቢታ ምስክሬ ናት። ብቻ በደጄ ስታልፉ ‹እኔ ጋ አለች› በሉኝ። የእኔዋ አንድ ቀን ማበቧ አይቀርም። ያን ጊዜ የማንን በር እንደማንኳኳ ልወቅ።»